ቶሎሳ ሊዋኝ አልገባም

ይህን ነገር ለልጆቼ በቁርጥራጩ ነግሬአቸዋለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስናገረው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ረጅም ነው፤ ደስም አይልም። ልጅ ያላችሁ፣ በተለይም የሰው ልጅ የምታስተምሩ፣ ታግሳችሁ አድምጡኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ መንግሥታቸው ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት። እኔ ሰዓዳ፣ ሰበታ ገበያ ዳር ጨርቅ የሚሸጥ የወሎ ሰው ልጅ፣ ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። በክፍላችን ያለነው ሴቶች አንዲት አግዳሚ ወንበር አትጠበንም ነበር። አባቴን የሱቁ ጎረቤቶች፣ "ሴት ልጅ ጨርቅ ለክታ መሸጥ ካወቀች ምን ጎደላት?" ይሉታል። እሱም፣ "እስቲ ትጨርሰውና እናያለን" እያለ ያልፋቸዋል። እኔ ግን በየማለዳው ደብተሬን ይዤ ስወጣ፣ ዛሬ "ቅሪ" እባል ይሆን እያልኩ ነበር። ስለዚህ ጥንቁቅ ልጅ ሆንኩ። መምህር ሲቆጣ አንገቴን እደፋለሁ፤ ልጅ የሚያስባርር ወሬ ካለበት አካባቢ አልገኝም።

ትምህርት ቤታችን የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎችን ከከፈተ ገና ነው። ከዚያ በፊት ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ አዲስ አበባ የሚያስጠጋው ዘመድ ከሌለው ትምህርቱ እዚያው ያበቃ ነበር። ዲሬክተራችን ክፍሎቹን ያገኙት ደጅ ጠንተው፣ ስንት ባለሥልጣን ለምነው ነው። ይህን የምለው ቀጥሎ ለምነግራችሁ ነገር ሰውየውን ጭራቅ አድርጋችሁ እንዳትስሏቸው ነው። ጭራቅ አልነበሩም። ያንን ትምህርት ቤት ከልጆቻቸው አብልጠው ይወዱት ነበር።

እስከዚያ ዓመት ድረስ ግብረ ገብ ማለት ከሰሌዳ መገልበጥ ነበር። "ትሕትና ማለት"፣ "ታዛዥነት ማለት" ብለን እንጽፋለን፣ እንሸመድዳለን፣ ፈተና ላይ እንተፋዋለን። ከዚያ ጋሼ ታደለ መጣ። ከኮሌጅ ከወጣ ብዙም ያልቆየ፣ ቀጭን፣ ሲያስብ ጢሙን የሚነካካ ሰው ነው። የተቀጠረው ጂኦግራፊ ሊያስተምር ነበር፤ ግብረ ገብን የሚፈልግ መምህር ስላልተገኘ እሱ ላይ ደረቡት። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳውን አጥፍቶ፣

"ከእናንተ መሃል ትሑት የሆነ እጁን ያውጣ" አለን።

ማንም አላወጣም። ከኋላ ግን አንድ ረጅም እጅ ብድግ አለ። ቶሎሳ ነው።

"እኔ ነኝ ጋሼ። በትሕትና ከዚህ ክፍል የሚደርስብኝ የለም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ታደለም እስኪያስለው ሳቀ። "እንግዲህ ትምህርቱን ከቶሎሳ እንጀምራለን" አለ።

ቶሎሳ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ከወንዙ ማዶ የሚመጣ የገበሬ ልጅ ነበር። አባቱ ኦቦ ገመቹ የሰው መሬት በእርቦ የሚያርሱ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የበኩር ልጃቸውን ከእርሻ ነጥለው ትምህርት ቤት ማስገባታቸው ለዚያ ቤት ቀላል ነገር አልነበረም። ቶሎሳ ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል፣ እየቀለደም ቢሆን አንድም ቀን ከትምህርት ቀርቶ አያውቅም።

ጋሼ ታደለ የዓመቱን የግብረ ገብ እቅድ ብቻውን አልሠራውም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሦስት ተማሪዎችን ያስቀምጥ ነበር፤ እኔን፣ ቶሎሳን፣ እና ግርማ የሚባል የወረዳው ግዛት ጸሐፊ ልጅ። "ለእናንተ ጸባይ እቅድ ሳወጣ እናንተን ካልጠየቅሁ ማንን ልጠይቅ?" ይለን ነበር። በየወሩ አንድ መልካም ባሕርይ መረጥን፤ ለእያንዳንዱም በእጅ የሚሠራ ሥራ አበጀንለት። ንጽሕና በሚለው ወር የገበያውን ቦይ ጠረግን። ርኅራኄ በሚለው ወር ጧሪ የሌላቸው አሮጊቶች ቤት ውሃ ቀዳን። እያንዳንዱ ተማሪ ደግሞ ከራሱ ባሕርይ አንድ ሊያርመው የሚፈልገውን መርጦ ለአንድ ጓደኛው ብቻ ይነግራል፤ ጓደኛው በየሳምንቱ እንዴት ሆንክ ይለዋል። እንዲህ ያለ ነገር በሰበታ ታይቶ አይታወቅም። ለእኔ ትምህርት ቤት የጣመኝ ያኔ ነው።

ለግንቦት ጽናትን መረጥን። ሥራው ምን ይሁን ስንባባል፣ ቶሎሳ፣

"ድልድይ እንሥራ" አለ።

"የት?"

"ወንዛችን ላይ ነዋ። ክረምት ሲገባ እናቴ ገበያ መውጣት አትችልም። እሷ ብቻ አይደለችም፣ የማዶ ሴት በሙሉ።"

ለእግረኛ የሚሆን፣ በድንጋይ ካብ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ የተጋደመበት መሻገሪያ ነው የታሰበው። ጋሼ ታደለ ወደደው። ዲሬክተሩ ከሁላችንም በላይ ወደዱት፤ ወደዱትና ላይ ድረስ አወሩት። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በአንድ ቅዳሜ መጥተው እንዲመርቁት ተቆረጠ። መንገዱ ተጠረገ፣ ድንኳን ታዘዘ፣ መዝሙር አጠናን።

በዚያ ሳምንት ዝናብ ሳይጠበቅ ቀድሞ ገባ። ከተማው ላይ ብዙም አልጣለም፤ ወጨጫ ላይ ግን በየከሰዓቱ ጥቁር ደመና ይተኛበታል። ዐርብ እለት፣ ሁለት ግንድ ብቻ ሲቀር፣ ጋሼ ታደለ እኔንና ግርማን ይዞ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባ። ቶሎሳ ከሌሎቹ ጋር ወንዝ ወርዶ ነበር።

"ጌታዬ፣ ምርቃቱን ብናስተላልፈው" አለ ጋሼ ታደለ። "ውሃው ትናንት ከነበረው ጨምሯል። ልጆቹ እየገቡ ነው የሚሠሩት።"

ዲሬክተሩ የሚፈርሙትን ነገር አላቆሙም። "አቶ ታደለ፣ ያን የመሰለ ሰው ዝናብ ጣለ ብዬ ልመልሳቸው?"

"መስከረም ላይ፣ ውሃው ሲጎድል፣ ተረጋግተን እንጨርሰዋለን።"

"መስከረም ላይ እኔም እርስዎም የት እንደምንሆን ማን ያውቃል? የዐሥራ አንደኛ ክፍል ይከፈትልን ብዬ የምጠይቀው ነገ ነው። እዚያ ድልድይ ላይ ቆሜ ነው የምጠይቀው።" ከዚያ ቀና ብለው አዩን። "ዛሬ ያልቃል። እኔም መጥቼ አያለሁ።"

ጋሼ ታደለ ጢሙን ነካካ። "እሺ ጌታዬ" አለ። ወጣን።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ነበር። አሁንም ድረስ የሚገርመኝ ይህ ነው። እኛ ላይ ፀሐይ ነው፤ ራቅ ብሎ ተራራው ግማሽ ወገቡ ድረስ ጠቁሯል። ሴቶቹ ድንጋይ እናቀብላለን፤ ወንዶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ቆመው ግንዱን ካቡ ላይ ያሳርፋሉ። ቶሎሳ በቁመቱ ስለሚበልጥ መሃል ላይ እሱ ነው የሚቆመው፤ የግንዱ ጫፍ ትከሻው ላይ ያርፍና ሌሎቹ ከዳር ይገፋሉ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር፤ የደንብ ልብሳችሁን በሥርዓት ልበሱ ስለተባልን።

አንደኛው ግንድ ገባ። የመጨረሻውን ስናነሳ ዲሬክተሩ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና ዳር ላይ ቆሙ። ውሃው ከጉልበት አልፎ የቶሎሳ ጭን ደርሷል። ቀለሙም ደፍርሷል። ቶሎሳ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመጣበት አየ። ከዚያ ወደ ጋሼ ታደለ ዞረ።

"ጋሼ፣ ይቺን ነገ ጠዋት ብንጨርሳትስ? ውሃው ደስ አላለኝም።"

አልቀለደም። ያንን ልጅ እንዲያ ኮስተር ብሎ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጋሼ ታደለ ወደ ዲሬክተሩ አየ። ዲሬክተሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። ጋሼ ታደለ መልሶ ወደ ቶሎሳ ዞረና፣

"አንዲት ብቻ ናት የቀረችን፣ ቶሎሳ። ጽና" አለው።

ቶሎሳ ሳቅ አለ። "እሺ፣ የግንቦት ትምህርት!" አለና ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከግንዱ ሥር አስገባ።

ድምፁን መጀመሪያ ስሰማ የጭነት መኪና መስሎኝ ነበር። ወደ አውራ መንገዱ ዞርኩ። ፊቴን ስመልስ ልጆቹ እየጮሁ ወደ ዳር ይወጣሉ። ከላይ፣ ከመታጠፊያው በኩል፣ ቡናማ ነገር ቅርንጫፍና ድንጋይ እየገለበጠ መጣ። ውሃ አይመስልም፤ መሬት ተነሥቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ዳር የነበሩት አመለጡ። ቶሎሳ መሃል ነበር፤ ግንዱ ትከሻው ላይ ነበር። ግንዱን ሲጥለው አይቻለሁ። አንድ እርምጃ ወደ እኛ ሲራመድም አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ምንም የለም።

ጋሼ ታደለ ጫማውን ሳያወልቅ ዘሎ ገባ። ውሃው ወዲያው አሽቀንጥሮ ካቡ ላይ መታው፤ አራት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው በኮቱ ጎትተው አወጡት። ግንባሩ ተተርትሯል። "ልቀቁኝ! ልቀቁኝ!" እያለ ይታገላቸው ነበር። ያ ስንት ቀን የደከምንበት ድልድይ ከነካቡ ሄደ።

ከዚያ በወንዙ ዳር እየሮጥን መጣራት ጀመርን። "ቶሎሳ! ቶሎሳ!" የማዶ ሰዎች ጩኸታችንን ሰምተው ወጡ። ዱላ የያዘ አለ፣ ገመድ የያዘ አለ፣ ባዶ እጁን የሚያለቅስ አለ። ጥቂት ቆይቶ ኦቦ ገመቹ መጡ። ከእርሻ ነው የመጡት፤ እግራቸው ጭቃ ነው። አልጮኹም። እያንዳንዳችንን እያዩ ዞሩ፤ ልጃቸው ከመካከላችን እንዳለ ነገር።

"ኢልምኮ ኤሳ ጂራ?" አሉ። ልጄ የት ነው?

ኦሮምኛ የሚያውቁትም አንገታቸውን ደፉ፣ የማያውቁትም ገባቸው።  ኦቦ ገመቹ ገመድ ተቀብለው ወደ ታች ወረዱ።

እኛ ሦስታችንን ዲሬክተሩ ከአንድ ዛፍ ሥር ጠሩን፤ እኔን፣ ግርማንና ጋሼ ታደለን። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጃንጥላቸውን አጥፈው እንደ ምርኩዝ ተደግፈውታል።

"ስሙኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ልጁ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ሳይፈቀድለት፣ ሊዋኝ ገብቶ ነው። ሁላችንም ያየነው እንደዚያ ነው።"

ግርማ መሬት መሬት ያያል። እኔ የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ሰዎቹ ገና እየፈለጉ ነው። እኛ ገና በሕይወት ይገኛል እያልን ነው።

"ጌታዬ፣ ምናልባት ዳር ይዞ…" አለ ጋሼ ታደለ።

"አቶ ታደለ!" አሉ ዲሬክተሩ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "ነገ ይህን ትምህርት ቤት ይዘጉታል። መንግሥት ልጆችን እያስገደለ ነው ይባላል። ስንት ልጅ ሜዳ ላይ እንደሚወድቅ ያውቃሉ? እርስዎም ይታሰራሉ፤ ሚስትዎ ነፍሰ ጡር ናት። ይሄ ልጅ እንደሆነ አንዴ ሄዷል። ማንን ነው የምንጎዳው?"

ጋሼ ታደለ አልመለሰም። ከግንባሩ የሚወርደው ደም ዓይኑ ውስጥ ይገባል፤ አይጠርገውም።  እሱም ሊዋሽ ነው አልኩ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ዲሬክተሩ ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ይችላል። ቢዘጋ ደግሞ አባቴ አዲስ አበባ እንደማይልከኝ አውቃለሁ።

ሲጨልም ወላጆቻችን መጥተው ወሰዱን።

ቶሎሳ በማግስቱ ማለዳ ተገኘ፤ ወንዙ ሰፋ ብሎ በሚታጠፍበት፣ ከአንድ የሾላ ዛፍ ሥር። ባለሥልጣኑ ይመጣሉ የተባለበት ቅዳሜ ነው። ለምርቃቱ የታዘዘው ድንኳን ለለቅሶ ተተከለ። ዲሬክተሩ ሊዋኝ ገብቶ ነው የሚለውን ለሽማግሌዎቹ ቀድመው ነግረዋቸው ስለነበር፣ ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይንሾካሾካል። አንዳንዱ፣ "የዛሬ ልጅ መች ይሰማል" ይላል። የሞተው ልጅ እየተወቀሰ ነው። እናቱ ግን ከሴቶቹ መሃል ሆና አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ተረጎመችልኝ፦

"ሊዋኝ የገባ ልጅ ሸሚዙን ሳያወልቅ ነው የሚገባው? እስከ አንገቱ ቆልፎ?"



ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ከተቀመጠ በኋላ፣ ጋሼ ታደለ ከመምህራኑ መካከል ተነሣ። ግንባሩ በጨርቅ ታስሯል። ዲሬክተሩ ኮቱን ሲይዙት አይቻለሁ። ቀስ ብሎ እጃቸውን አስለቀቀና ኦቦ ገመቹ ፊት ሄዶ ቆመ። አልተቀመጠም፣ አልተንበረከከም።

"ኦቦ ገመቹ፣ የሚነገርዎት ነገር እውነት አይደለም። ቶሎሳ ሊዋኝ አልገባም። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ግንዱን ይዞ እንዲቆም ያዘዝኩት እኔ ነኝ።"

 አንድ ሰው አማርኛ ለማያውቁት በኦሮምኛ መድገም ጀመረ።

"ውሃው ደስ አላለኝም፣ ነገ እንጨርሰው ብሎኝ ነበር። ጽና አልኩት።"  "ልጅዎ ታዛዥ ነበር። የሞተው ስለታዘዘኝ ነው።"

ወጣቶቹ ተነሡ። ዱላ ተነሣ፤ አንድ ሰው፣ "ያዙት!" ሲል ሰማሁ። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ባለበት ቆመ። ከዚያ ወደ ጋሼ ታደለ ዞሩ።

"ነገ ብሎህ ነበር?"

"ብሎኝ ነበር።"

"ፈርቶ ነው?"

"አይደለም አባቴ። አይቶ ነው። ያላየሁት እኔ ነኝ።"

ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። "ተቀመጡ" አሉ ለወጣቶቹ። "ይህ ሰው ልጄን ገድሎታል። ግን አልዋሸበትም። አትንኩት።"

ወዲያው ከሴቶቹ በኩል ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ፤ እንደ ቅድሙ ግን አልነበረም። እናቱ ስሙን እየጠራች፣ ልጄ ልክ ነበር፣ ልጄ ልክ ነበር ትላለች።

በዚያው ምሽት ጋሼ ታደለን ፖሊስ ወሰደው። ዲሬክተሩን የሚነካ ነገር ግን አልተናገረም፤ ቢሮ ገብቶ መለመኑን፣ እሳቸው ወንዝ ዳር ቆመው አይሆንም ማለታቸውን በሙሉ ዋጠው። ሰኞ እኔና ግርማ ለምስክርነት ተጠራን።

አባቴ ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። እየሄድን ጠየቀኝ።

"ምን ልትዪ ነው?"

"ያየሁትን።"

"አስተማሪሽ እንደሆነ በራሱ ላይ ወስዷል። አልቋል። አንቺ ዲሬክተሩን ብትጨምሪ የሚፈታው ይመስልሻል?"

"አላውቅም አባባ።"

ቆመ። ሰው እንዳይሰማው ዙሪያውን አየ። "ሰዓዳ፣ እኛ በዚህ ከተማ ሱቅ እንጂ ዘመድ የለንም። ነገ አንዱ መጥቶ ፈቃድህን አምጣ ቢለኝ፣ ማን ጋ ነው የምሄደው? ወላሂ ክፉ አስቤ አይደለም። አላየሁም በይ። ድንጋይ ስታቀብዪ ነበር፤ ላታዪ ትችያለሽ።"

አባቴ ፈሪ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን ፈርቶ ነበር።   ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን ወደ ፖሊስ ጣቢያው መራመዴን ቀጠልኩ።

ጣቢያው ውስጥ ዲሬክተሩ ከመቶ አለቃው አጠገብ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። ግርማ ቀድሞ ገባ፤ ምንም አላየሁም ብሎ ወጣ። ሲያልፈኝ ዓይኔን አላየም። እኔ ገባሁ። 

"ዲሬክተርሽ እዚያ ነበሩ?" አለኝ መቶ አለቃው።

"ነበሩ።"

"ከአደጋው በኋላ ነው የመጡት አይደለም?"

"አይደለም። በፊት ነው የመጡት። ጋሼ ታደለ ቢሮ ገብቶ ምርቃቱ ይተላለፍ ብሎ ለምኗቸዋል፤ እኔና ግርማ ነበርን። ዛሬ ያልቃል አሉት። ወንዙ ጋም ቶሎሳ ነገ ሲል፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሉ።"

መቶ አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። ዲሬክተሩ አልተቆጡም፤ ያልጠበቅሁት ይህንን ነው። ልጁ እንደሰደበችው አባት አዘኑ። "አይ ሰዓዳ፣ አንቺ ጨዋ ልጅ ነበርሽ" አሉኝ።

ስወጣ አባቴ አጥሩ ሥር ቆሟል።

"ምን አልሽ?"

"ያየሁትን።"

ቀድሞኝ ሄደ። 

አሁን ፍጻሜውን ልንገራችሁ፤ እንደምትመኙት አይደለም። ጋሼ ታደለ በቸልተኝነት ተብሎ ተፈረደበት፤ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለደችው እሱ እስር ቤት እያለ ነው። ዲሬክተሩ አልተከሰሱም፤ እንዲያውም አዲስ አበባ ወደሚገኝ ትልቅ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። የእኔ ቃል የት እንደገባ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም። እኔ ግን ዓመቱ ሳያልቅ ተባረርኩ። ምክንያቱን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ለአባቴ አነበበለት፤ "በባሕርይ ጉድለት" ይላል።

አባቴ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ፤ በእኔ ላይ አይደለም። "ባሕርይዋ ምን ሆነ?" ብሎ እዚያው ጮኸ። ሱቃችንን የነካው አልነበረም፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሰበታን አላመናትም። እኔን ሱሉልታ አክስቴ ዘንድ ላከኝ። እዚያ ትምህርቴን አቋርጬ ብዙ ከቆየሁ በኋላ፣ ዘመኑ ተለውጦ፣ ማታ ተምሬ ጨረስኩ። መምህርት ሆንኩ። ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራሳቸውን እንዲያውቁ፣ ባሕርያቸውን እንዲያንጹ እቅድ ማውጣት ነው። ጋሼ ታደለ የጀመረውን ማለት ነው።

እሱን አንድ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ ቡራዩ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ሲሸጥ። መምህርነት አልተመለሰም። መምህርት መሆኔን ስነግረው ደስ አለው፤ ምን እንደማስተምር ስነግረው ግን ጢሙን ነካካ። ከዚያ፣ "አደራ፣ ቀስ ብለሽ" አለኝ። 

ይህ ገጠመኝ እውነት መናገርን አስተማረኝ ብዬ ብደመድም ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ግን እውነት ተናግሬ ያዳንኩት ሰው የለም። የተማርኩት ሌላ ነው። እኛ ለዚያ ዓመት ያወጣነው እቅድ ጥሩ እቅድ ነበር፤ ዛሬም አምጥታችሁ ብታሳዩኝ ብዙውን አልነካውም። ጽናት ነበረበት፣ ታዛዥነት ነበረበት፣ አገልግሎት ነበረበት። አንድ ልጅ "ይህ ነገር ደስ አላለኝም" ሲል የሚሰማበት ቦታ ግን አልነበረበትም። እናንተ ለሰው ልጅ እቅድ የምታወጡ፣ ቆራጥ ሁኑ፣ ታገሡ፣ ታዘዙ የምትሉ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ይህንን ቦታ አብጁለት። እኔ በሠራሁባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው እምቢ ማለትን ነበር። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ ልጆቹን አባለገቻቸው ብለውኛል። ይበሉኝ።

መምህርት በሆንኩ ሰሞን ኦቦ ገመቹን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አርጅተዋል። "አካም ጂርታ ኢንተላኮ" ብለው ተቀበሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ወተት ሰጡኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ጫልቱ ደጅ ላይ እንጨት ትለቅማለች፤ ለትምህርት ከደረሰች ቆይታለች። ከቶሎሳ በኋላ ከዚያ ቤት አንድም ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ አያውቅም።

"እሷን እንኳ ይስጡኝ" አልኳቸው። "እኔ አስተምራታለሁ። ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቅልም።"

 "ሰዓዳ፣ አንቺን አምንሻለሁ" አሉ። "ያንንም መምህር አምነዋለሁ። ግን እናንተ እውነቱን የተናገራችሁት ልጄ ከሞተ በኋላ ነው። ልጄ በሕይወቱ ሲናገር የሰማው ማነው?"

ጽዋውን አስቀምጬ ተነሣሁ። 

በቅርቡ ሰበታ መናኸሪያ አንዲት ጠና ያለች ሴት እጄን ያዘችኝ። ጫልቱ ናት፤ በአባቷ መልክ አወቅኋት። እኔን ግን አላወቀችኝም። የልጅ ልጇን አዝላለች።

"እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?" አለችኝ፣ መኪናው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በአገጯ እያመለከተች። "ይሄ የት ነው የሚሄደው?"

አነበብኩላት። እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ ተሳፈረች።